አንጓች ዋሷን ስትጠራ

ተቀመጡ። ኧረ እዚያ ልጡ ላይ አይደለም፣ ገመድ ልገምድበት ነው! ጎሹ፣ አንተ ወደዚህ ጠጋ በል። ጆሮዬ ከብዷል፤ ስታንሾካሹክ አልሰማህም፣ ስትስቅ ግን አይሃለሁ። ዛሬ ጠዋትም አይቼሃለሁ። ያ ከቆላ የመጣ ሰውዬ ሸንጎ ፊት ቆሞ "ዋሴ!" እያለ ሲጣራ ሳቃችሁ። ውሻው የጠፋበት መሰላችሁ፣ አይደል? ውሻ የለውም። ሁለት ጊዜ ተጣራ፤ ሦስተኛውን ሳይጣራ ዝናቡ መጣና ሸንጎው ተበተነ። እናንተ ነገሩን ስለማታውቁት ሳቃችሁ፣ እኔ ስለማውቀው ተናደድኩ። አሁን እጄም ይሥራ፣ አፌም ያውራ፤ እናንተ ልጡን አቀብሉኝ።

እንግዲህ ድሮ ነው። አያቴ ከአያቱ የሰማው ድሮ። ጠጠሮ ወንዝ ድልድይ ሳይኖረው፣ ይሄ ራቁቱን የቀረ ተረተር ደን ሳለ፣ በዚህ በግራር አፋፍ አንዲት ሴት ነበረች። ስሟ አንጓች ነው። ሀብት የላት፣ ዘመድ የላት። የነበራት አንድ ውሻ ነው፤ እሱም ውሻ ከተባለ። ቁመቱ ከድስት አይበልጥም አሉ። አይጠብቅ፣ አያድን፣ ጅብ ሲጮህ ከሰው ቀድሞ ቀሚስ ውስጥ የሚገባ ነበር።

ከወንዙ ማዶ ነው የመጣች። እዚያ ክፉ ቀን ሆኖ ሰዎቿ አለቁ። ውሻውን ይዛ፣ አንድ አንቀልባ ይዛ መጣች። በአንቀልባው ማንን ታዝልበት እንደነበር አልተናገረችም፤ የጠየቃትም የለም።

ያን ጊዜ እንግዳ ሰው ያለ ዋስ አገር ውስጥ አይቀመጥም። "ብታጠፋ እኔ እጠየቅላታለሁ" የሚል ሰው ያስፈልጋል። ያገሩ ጭቃ ሹም አድማሱ ይባላል፤ መሬቱንም እሱ ያስተዳድራል፣ ነገርም እሱ ያያል። አንጓች ፊቱ ቀረበች።

"ዋስ ጥሪ" አላት።

"ሰዎቼ አልቀዋል ጌታዬ። ማንን ልጥራ?" አለች።

እዚያ መሀል ሻረው የሚባል ቀልደኛ ነበር። በየአገሩ እንዲህ ያለ አንድ አይጠፋም፤ እዚህም አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ ጎሹ አንተን አላልኩም። ሻረው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ውሻሽ አለ አይደል እንዴ! እሱን ጥሪ!"

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አንጓች አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ወደ ውሻው ዞር ብላ አየችው። "እስካሁን ስም አላወጣሁለትም ነበር" አለች። "እንግዲህ ዋሴ ይሁን።" ከዚያ "ዋሴ!" ብላ ጠራችው። ውሻው ድክ ድክ ብሎ መጣና እግሯ ላይ ተቀመጠ። ጭቃ ሹሙ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እንዲያ የሳቀ ሰው ደግሞ "ሂጂ" ለማለት አፉ እሺ አይለውም። "በይ ተቀመጪ" አላት። "ግን ልብ አድርጊ፣ ዋስ የለሽም። አንድ ነገር የጠፋ እንደሆነ የሚጠየቅልሽ የለም።"

እንዲህ ሆና ተቀመጠች። ሥራዋ መላላክ ሆነ። አንዱ ለእህቱ ማር ይልካል፣ አንዷ ለእናቷ ፈትል ትልካለች፣ አንዱ "ላሜ ወለደች በይልኝ" ይላል፤ አንጓች ትሄዳለች። ገበያ ዋሴን ይዛ ትሄዳለች። ለቅሶ ዋሴን ይዛ ትደርሳለች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እሱ ከቅጥሩ ውጭ ይጠብቃታል፤ ሰውም ውሻውን አይቶ "አንጓች ውስጥ ናት" ይላል። አንጓች ከፊት፣ ዋሴ ከኋላ። ሲደክመው በአንቀልባው ታዝለዋለች። ሴቶቹ "ውሻ አዘለች!" እያሉ አፋቸውን ይይዛሉ። እሷ መንገዷን ትሄዳለች።

ልጡ አለቀብኝ እኮ፣ አቀብሉኝ እንጂ!

አንድ ጊዜ የጭቃ ሹሙ ልጅ ማዶ ባሏ አገር ወለደች። አባትየው ለአራሷ አንድ ማሰሮ ቅቤ ላከ። አንጓች ማሰሮውን በራሷ አደረገች፣ ዋሴን በአንቀልባ አዘለች፣ ሄደች። ደኑ መሀል ስትደርስ ሽፍቶች ብቅ አሉ። አለቃቸው ጠመንጃውን አጋድሞ መንገዱን ዘጋ።

"ምንድን ነው የተሸከምሽው?"

"ቅቤ ነው ጌታዬ።"

"የማነው?"

"የአራስ ነው።"

"የታዘለውስ ማነው?"

"ዋሴ ነው" አለች። የዋሸችው የለም። ሁሉም እውነት ነው።

ሽፍታው ቅቤውን አየ፣ አንቀልባውን አየ፣ ፊቱ ጠቆረ። "እንዴት ያለ ባል ነው!" ብሎ ጮኸ። "እንዴት ያለ ባል ነው አራስ ሚስቱን ልጅ አሳዝሎ፣ ቅቤ አሸክሞ ብቻዋን በዚህ ደን የሚሰድ! ስሙን ንገሪኝ፣ እኔ አሳየዋለሁ!" አንጓች "ሞቷል ጌታዬ" አለች። ይሄም እውነት ነው። ሽፍታው ደነገጠ። ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ሁለት ሰዎች እስከ ደኑ ጫፍ እንዲሸኟት አዘዘ። "ዋሴን ዕድሜ ይስጠው" አለ። "አሜን" አለች።

ይሄኔ ዋሴ ከአንቀልባው ውስጥ "ው!" አለ።

ሁሉም ቀጥ አሉ። አንጓችም እንጨት ሆነች። ሽፍታው ጆሮውን አቀና። ዋሴ ደገመና "ው! ው!" አለ። "ውይ!" አለ ሽፍታው፣ "ይሄ ልጅ ትክትክ ይዞታል!" አለና ከስንቁ ማር በቅል አድርጎ ሰጣት። "ማታ ማታ አልሺው።" "እሺ፣ አልሰዋለሁ" አለች። ደግሞም አላሰችው፤ ማሩን በሙሉ ለዋሴ ነው ያላሰችው። አራሷም ቅቤዋን አገኘች።

ይሄ ወሬ አገሩን አዳረሰው። ሰው ሳቀ፣ ሻረው ደግሞ በየጠላ ቤቱ እየዞረ የሽፍታውን ድምፅ አስመስሎ ያወራ ጀመር። ሰው ግን ሲስቅ ሳቀ እንጂ "እኔ ዋስሽ ልሁን" ያላት አንድም የለም። አንጓች ከፊት፣ ዋሴ ከኋላ፤ እንደዚያው ቀጠለች።

ከዚያ ፈንጣጣ ገባ። እናንተ አታውቁትም፣ አትወቁትም። ሰውን ከነቤተሰቡ የሚጥል በሽታ ነው። የገባውም ሻረው ቤት ነው። ሚስቱ ወደቀች፣ ሁለቱ ልጆቹ ወደቁ፣ እሱም ወደቀ። ጭቃ ሹሙ ደጁን በእሾህ አሳጠረና "ሰው እንዳይገባ፣ ሰው እንዳይወጣ" ብሎ አዘዘ። ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ አገሩ እንዳያልቅ ነው። ጎረቤት ምግብ አምጥቶ እሾሁ ሥር ያስቀምጣል። ግን ማን ያንሳው? ውስጥ ያለው ሁሉ ተኝቷል። ምግቡን ወፍ በላው። ከውስጥ "ውሃ! ውሃ!" የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሰው ጆሮውን ይዞ ያልፋል።

አንጓች መጣች። እሾሁ አጠገብ ቆመች።

"ሰው አይግባ ብያለሁ!" አለ ጭቃ ሹሙ።

"ሰምቻለሁ ጌታዬ" አለች። "ዋሴ ሰው አይደለም።"

አንጓች ነጠላዋን ቀደደች። ቅዳጁን ውሃ ውስጥ ነክራ የዋሴ አንገት ላይ ጠቀለለችው። "ሂድ" አለችው። ዋሴ ትንሽ ነው፤ በእሾሁ ሥር ሹልክ ብሎ ገባ። ሻረው ወለሉ ላይ ተጋድሟል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ውሻው መጥቶ ፊቱን ላሰው። ሻረው እጁን ዘረጋ፣ ጨርቁን አገኘ፣ ጨመቀው። መጀመሪያ በልጆቹ አፍ ጨመቀ፣ ቀጥሎ በሚስቱ አፍ፣ መጨረሻ የቀረችውን እርጥበት ራሱ መጠጠ። ዋሴ ወጣ። አንጓች ደግማ ነከረች። ዋሴ ገባ። ጠዋት እንዲህ፣ ከሰዓት እንዲህ፣ በማግስቱም እንዲህ። ትንሽ ሲሻላቸው በጨርቁ ቋጠሮ ቆሎ፣ ጨው፣ የገብስ በሶ ላከችላቸው። ዋሴ በመጨረሻ እሾሁ ጀርባውን ላጭቶት ነበር አሉ።

ትንሿ ልጅ ሞተች። ሻረውና ሚስቱ፣ ወንዱም ልጅ ተረፉ። ሻረው ከዚያ በኋላ በጠላ ቤት የሽፍታውን ነገር አላወራም። አንጓችን መንገድ ላይ ሲያገኛት አንገቱን ይደፋል። አመሰገናት ወይ? አላመሰገናትም። አንዳንድ ሰው እንዲህ ነው፤ ነገሩ ሲከብደው አፉ ይያዛል።

ዓመት ዓመትን ወለደ። አንጓችም አረጀች፣ ዋሴም አረጀ። ጆሮው ጠፋ፤ ስትጠራው አይሰማም፣ በእጇ ነካ ታደርገዋለች። መንገዱን አብዛኛውን በአንቀልባ ሆነ የሚሄደው።

በዚያ ጊዜ እመት ዝማም የሚባሉ ባለ ርስት ነበሩ። እመት እያልኩ የማከብራቸው አያቴም ስላከበራቸው ነው፤ እኔ ብሆን አንቺ ነበር የምላቸው። የአገሩ ግማሽ የሚያርሰው የሳቸውን መሬት ነው። ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ለሙሽራዋ አንገት የብር ድሪ ማዶ ካለ አንጥረኛ አሠርተው ነበርና አንጓችን "ሂጂ አምጪልኝ፣ አደራ!" አሏት።

ሄደች። ድሪውን በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀበለች። ስትመለስ ጠጠሮ ወንዝ ጎድሎ ነበር። ጥቅሉን በአንድ እጇ ይዛ፣ ዱላዋን በአንድ እጇ ይዛ፣ ዋሴን አዝላ ገባች። ላይ አገር ዘንቦ ኖሮ፣ መሀል ስትደርስ ደራሽ ውሃ መጣ። ውሃው ወገቧን መታት። የአንቀልባው ማንገቻ ያረጀ ቆዳ ነው፤ ተበጠሰ። ዋሴ ውሃው ላይ ወደቀ።

አንጓች ጥቅሉን ለቀቀችና ዋሴን ያዘች።

ይሄ ነው የሆነው። ከዚያ ወጣች፣ ዳር ላይ ተቀመጠች፣ ውሻውን በቀሚሷ አደረቀችው፣ ወደ እመት ዝማም ደጅ ሄዳ የሆነውን ተናገረች። መሸሽ ትችል ነበር። አልሸሸችም።

ሸንጎ ተቀመጠ። እመት ዝማም ቆሙ። "ለውሻ ብላ የልጄን ድሪ ወንዝ ጣልኩት ትላለች" አሉ። "መጣሏንስ ማን አየ? ደብቃው ቢሆንስ? አደራ በላች!"

"ዱላውን ለምን አልጣልሽም?" አለ ጭቃ ሹሙ። እሱም አርጅቷል፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

"ዱላውን ብጥለው ኖሮ ሦስታችንም እንሄድ ነበር ጌታዬ" አለች። "እጄ ሁለት ነው።"

ጭቃ ሹሙ አሰበ። "ውሃው ሲጎድል፣ መስከረም ላይ፣ ድሪው ይፈለጋል" አለ። "እስከዚያ ግን እንዳትሸሺ ዋስ ያስፈልጋል። ዋስ ከሌለሽ ሸማሽ ከእመት ዝማም አሽከር ሸማ ጋር ይቋጠራል። ክረምቱን በሳቸው ግቢ ታስረሽ ትከርሚያለሽ።" ያኔ እስር ቤት የለም፣ እንዲህ ነው የሚታሰረው። እመት ዝማም ግቢ ደግሞ በግ የሚያህሉ ውሾች አሉ። ዋሴ እዚያ አንድ ቀን አያድርም። አንጓችም ይሄን ታውቃለች፣ ሰዉም ያውቃል።

"ዋስ ጥሪ" አላት።

አንጓች ሰዉን አየች። ቅቤ ያደረሰችላቸው አሉ፣ መልእክት ያደረሰችላቸው አሉ፣ ለቅሷቸውን የደረሰችላቸው አሉ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። የእመት ዝማምን መሬት የሚያርስ ሰው በእመት ዝማም ላይ ዋስ ሆኖ ምን ይበላል? እሷ እንግዲህ የምትጠራው አንድ ስም ብቻ ነው ያላት።

"ዋሴ!" አለች።

አንዳንዱ ሳቀ። ዋሴ ጥላው ሥር ተኝቷል፤ አልሰማም።

"ዋሴ!" አለች ደግማ።

አሁን የሳቀ የለም። ዋሴም አልሰማም።

"ዋሴ!" አለች። ሦስተኛዋ ናት።

"አቤት!" አለ አንድ ሰው።

ሻረው ነው። ተነሥቶ ቆሟል።

"አንተን ማን ጠራህ?" አለ ጭቃ ሹሙ። "ውሻውን ነው የጠራችው።"

"ስሙን በቀልዴ ያወጣሁለት እኔ ነኝ" አለ ሻረው። "እሱ አልሰማም፣ እኔ ሰማሁ። ዋስ ነኝ።"

"ሻረው!" አሉ እመት ዝማም። "የምታርሰው የማንን መሬት እንደሆነ አትርሳ!"

"አልረሳሁም እመቤቴ" አለ። "ውሃውንም አልረሳሁም።"

ከኋላ አንዲት ሴት "አቤት!" አለች። የሻረው ሚስት ናት። ከዚያ የጭቃ ሹሙ ልጅ፣ ያቺ ቅቤ የተላከላት አራስ፣ አሁን የጎረመሰ ልጅ እናት ሆና አባቷን ልትጠይቅ መጥታለች፤ እሷም "አቤት!" አለች። ከዚያ ከዚህም ከዚያም "አቤት! አቤት!" ሆነ። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ዋሴ ነቃ። ሰዉን አየ፣ ጭራውን ቆላ፣ ድክ ድክ ብሎ መጣና አንጓች እግር ላይ ተቀመጠ። "ዘግይተሃል" አለችው፤ እሷም ያን ቀን አለቀሰች።

እንግዲህ መስከረም ላይ ድሪው ተገኘ ብዬ ብጨርስ ደስ ይላችኋል። አልተገኘም። ሰዉ ከላይ እስከ ታች ወንዙን ፈተሸ፣ ጠጠር ብቻ ነው ያገኘው። ሻረው በድሪው ፋንታ ጊደሩን ነድቶ ሰጠ። እመት ዝማም ጊደሩንም ወሰዱ፣ መሬታቸውንም ነጠቁት። ዋስ መሆን እንዲህ ነው፣ ጨዋታ አይደለም። በኋላ "አቤት" ያሉት ሁሉ ከየድርሻቸው ቆርሰው የሚያርሰው ሰጡት፣ እንደ ምንም ኖረ። ዋሴ በዚያው ዓመት ሞተ። አንጓች በአንቀልባው ጠቅልላ ወንዙ ዳር ቀበረችው፤ መሻገሪያው አጠገብ ያለው የድንጋይ ክምር እሱ ነው ይላሉ። እሷም ጊዜዋ ሲደርስ ሞተች። ሻረው እንደ ልጅ ሆኖ አስቀበራት፣ ተዝካሯንም አወጣ።

ከዚያ ወዲህ በግራር አፋፍ ሥርዓት ሆነ። ዘመድ የሌለው ሰው "ዋስ ጥራ" ሲባል "ዋሴ!" ብሎ ሦስት ጊዜ ይጣራል። ውሻ እየጠራ አይደለም። እኛን ነው የሚጠራ። የሰማ ሰው "አቤት" ይላል። ሦስቱም ጊዜ ዝም ከተባለ ሰውዬው ይሄዳል፣ ያ ነውር ግን እዚህ ይቀራል። እስከ ዛሬ ሦስቱንም ዝም የተባለ የለም።

ምነው ጎሹ፣ አሁን አትስቅም? አባትህ እዚህ የተወለደ ይመስልሃል። እሱም ከቆላ ነው የመጣ። ሸንጎ ፊት ቆሞ ጠራ። እናትህ ከኋላው ቆማለች፣ አንተ በአንቀልባ ነህ፣ ትክትክ ይዞህ ታለቅሳለህ። አቤት ያልኩት እኔ ነኝ። ሂድና ጠይቀው።

"አንተስ ዛሬ ለምን አቤት አላልክም?" ትሉኝ ይሆናል። የሽማግሌ ዋስነት አይያዝም፤ ነገ ብሞት ማን ይጠየቃል? ደግሞም ሰውዬው ሲጣራ አልሰማሁም፤ አፉን ብቻ ነው ያየሁት። ነገ ጠዋት ሸንጎው ይቀመጣል፣ ሦስተኛውን ይጣራል። እኔ ጆሮዬ ከብዷል። እናንተ ትሰማላችሁ። በሉ አሁን ያቺን ልጥ አቀብሉኝ።